የገብስማዋ ዶሮ ልጆች

ዛሬ ሐሙስ አይደል፣ ጅማ ገበያ ወጣሁ። የቀይ አውራ ዶሮ ዋጋ አይቀመስም! ጥቁሩን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። (ሥጋው እኮ ያው ነው።)

አንዲት እናት "ገብስማዋ ዶሮዬ ከጥቁር አውራ ፈለፈለች። ወንዶቹ እሷን መሰሉ፣ ሴቶቹ ጥቁር ወጡ። ምን ጉድ ነው ልጄ?" አሉኝ።

ጉድ የለውም እማማ። በዶሮ ነገሩ ከሰው ይገለበጣል፤ በሰው ሁለት የተለያዩ የፆታ ክሮሞዞሞች (የዘር መረጃ ተሸካሚዎች) ያሉት ወንዱ ነው፣ በዶሮ ግን ሴቷ ናት። ወንዱ ሁለት ዜድ ክሮሞዞም አለው፤ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብሊው። ጥቁሩን ላባ በነጭ መስመር የሚያዥጎረጉረው ጂን (የዘር መመሪያ) ያለው ዜድ ላይ ነው። እናት ደግሞ ዜዷን የምትሰጠው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ሴቶቹ ዜዳቸውን የሚወስዱት ከጥቁሩ አባት ነው፤ መስመር ከየት ይምጣ? እንዲህ ካለው ድቀላ የተገኙ ጫጩቶች ገና በተፈለፈሉበት ቀን ይለያሉ። አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ ነው።

በነገራችን ላይ እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዊሊያም ቤትሰን የሜንዴል የዘር ውርስ ሕግ በእንስሳትም እንደሚሠራ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳየው በዶሮ ነው።

እማማ ሰምተው ሰምተው "ታዲያ ቀይ እንዲወጣልኝ ምን ላድርግ?" አሉ። ቀይ አውራ ይፈልጉ አልኳቸው። ጥቁሩ ግን ብዙ ጊዜ ቀዩን ይጫነዋል፣ ስለዚህ ቀዩ ጫጩት ለእንቁጣጣሽ እንኳን አይደርስም።