ጠቅ ያለ ሪሌ ሁሉ ደህና አይደለም

ቁልፍ ሳዞር ጠቅ ብላ ዝም ትል የነበረችው አሮጌዋ አውቶማቲክ መኪናዬ ሞተሪኖዋ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሳይፈታ መነሳት ጀምራለች። ደስ ብሎኛል፣ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ባትሪ። ቆሞ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ተጠርጣሪው ባትሪው ነው። ከዚያ የባትሪውን ራስ ማጽዳትና ማጥበቅ፣ ፊውዝ ማየት። በቃ።

ጉዱ ያለው ሪሌው ላይ ነው፤ ከቁልፉ በሚመጣ ትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች ማለት ነው። አራት እግር አለው። 85 እና 86 ከውስጡ ጥቅል ሽቦ ጋር ይገናኛሉ፤ በ30 እና በ87 ደግሞ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ኃይል ያልፋል። ቁልፉ ሲዞር ጥቅሉ ማግኔት ሆኖ ኮንታክቱን፣ ማለትም ኃይሉን የሚያሳልፉትን ሁለት ብረቶች፣ ይገጥመዋል፤ ጠቅ የሚለው ያኔ ነው። ብዙ መካኒክ ይህን ሰምቶ "ሪሌው ይሠራል፣ ሞተሪኖው ይውረድ" ይላል። በፍጹም አልስማማም። የተቃጠለ ኮንታክትም ጠቅ ይላል።

የኔን ነቅዬ ስለካው ጥቅሉ 80 ኦም ገደማ አሳየ፣ ጤነኛ ነው። 85 እና 86ን ከባትሪ አገናኝቼ 30 እና 87 ላይ ቴስተር ሳደርግ ጢጥ አለ፣ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሲያዩት ንጹህ ሪሌ! ግን ቴስተር የሚልከው ኃይል ኢምንት ስለሆነ ጫፍ ለጫፍ መነካካት ይበቃዋል። የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ሞተሪኖውን የሚያስገባው ማግኔት) ደግሞ ከ10 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሪሌ መለካት ያለበት ሥራ ላይ እያለ ነው። እግሮቹ ላይ ቀጭን ሽቦ አስሬ፣ እንዳይነካኩ ሸፍኜ መልሼ ሰካሁት። ቀዩን ጫፍ 30 ላይ፣ ጥቁሩን 87 ላይ። ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር ኮንታክቱ ላይ የሚጠፋው ቢበዛ 0.2 ቮልት መሆን ሲገባው 4 ቮልት አሳየኝ። ክዳኑን በቢላ ፈልቅቄ ሳየው ኮንታክቱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል።

የእግሩ አቀማመጥና አምፔሩ ከገጠመ የክላክስን ሪሌ አውጥቶ መሞከርም ያስኬዳል። እኔ አልወደውም፤ እሱም እኮ ያው አሮጌ ነው።

የማርሽ ስዊቹ ላይ፣ ማለትም ማርሹ ፒ (ፓርክ) ወይም ኤን (ኒውትራል) ላይ ካልሆነ መኪናዋ እንዳትነሳ የሚከለክለው ላይ፣ ገና ነኝ። ፒ ላይ እምቢ ብላ ኤን ላይ ከተነሳች እሱን ጠርጥሩ። ሥሯ ገብቶ መለካቱን ግን እውነቱን ለመናገር ሰንፌ ትቼዋለሁ። 30 እና 87ን በሽቦ አገናኝታችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ ደግሞ ስዊቹን እየዘለላችሁት እንደሆነ እወቁ። ማርሽ ውስጥ ከሆነች ትሄድባችኋለች፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከፊቷም አትቁሙ።