የማህተሙ ቀለም

ዛሬ ማታ መብራት የለም። ሻማ ለኩሼ ተቀምጫለሁ። ጣቴ ላይ የማህተም ቀለም አለ፤ ሁለቴ ታጠብኩት፣ አልለቅ አለ። ሥራዬን ታውቁታላችሁ። ወረቀት ይመጣል፣ አያለሁ፣ ማህተም እመታለሁ፣ ይሄዳል። ዛሬ ግን ከሰዓት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምክንያቱን እንጃ።

ቀለሙን ሳየው ጋዚፑር ትዝ አለችኝ። ሰሞኑን ስለ እንግሊዞች የኦፒየም ንግድ ሳነብ ነው የከረምኩት፤ ኦፒየም ከአበባ ተክል የሚወጣ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ጋዚፑር ሕንድ ውስጥ በጋንጀስ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በፈረንጆቹ 1820 የተከፈተው የኦፒየም ፋብሪካዋ ዛሬም ይሠራል፤ አሁን ለመድኃኒት ነው። ያኔ ግን ኦፒየሙ እንደ ኳስ ይድቦለቦልና በራሱ አበባ ቅጠል ይጠቀለላል። 40 ድቡልቡል በአንድ ሳጥን። ይመዘናል፣ ይታሸጋል፣ ይመዘገባል። ከዚያ ወንዙን ተከትሎ ወደ ካልካታ።

የእንግሊዞቹ የንግድ ድርጅት፣ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ፣ የቤንጋልን ኦፒየም ጠቅልሎ የያዘው በ1773 ነው። በ1857 የወጣው ሕግ ደግሞ ያለፈቃድ መዝራትን ከለከለ። ገበሬው ቀብድ ይቀበላል፣ በተለካለት መሬት ይዘራል፣ የሰበሰበውን በሙሉ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ቀብዱን ለልጆቹ እህል ገዝቶበት ሲያበቃ «ዘንድሮስ ስንዴ ይሻለኛል» ቢል ማን ይሰማዋል?

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የካልካታው ጨረታ ነው። ቻይና ኦፒየም እንዳይገባ ከልክላለች። ኩባንያው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ በራሱ መርከብ አይጭነውም። በጨረታ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው በኮንትሮባንድ ያስገባዋል። ከሽያጩ የተገኘው ጥሬ ብር በቻይናዋ ወደብ ካንተን ዞሮ ኩባንያው ካዝና ይገባል፣ ሻይ ይገዛበታል። በወረቀት ላይ ኩባንያው ንጹሕ ነው። እንዴት ያለ ንጽሕና ነው ግን!

በ1839 ሊን ዜሹ የተባለው የቻይና ሹም ከ20,000 በላይ ሳጥን ተረክቦ ሁመን በተባለች የባሕር ዳር ከተማ በጨውና በኖራ አሟሟው። ወደ ባሕር ለቀቀው። የእንግሊዝ መልስ ጦርነት ሆነ። ወደ ቻይና የሚላከውን በየዓመቱ በአንድ አሥረኛ ለመቀነስ እንግሊዝና ቻይና የተስማሙት በ1907 ነው። ስንት ቤት ከፈረሰ በኋላ።

አንድ ሰው ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ጋዚፑር ላይ ሳጥን ሲያስመዝን የሚውለው ጸሐፊ። ሚዛኑ ልክ ነው። መዝገቡ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ማታ እጁን ታጥቦ ከልጆቹ ጋር ይበላል። ሳጥኑ የት እንደሚደርስ ያውቅ ነበር? ቢያውቅስ? ሥራውን ይልቀቅ? ልጆቹን ማን ያብላለት?

ሻማው ሊያልቅ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ማህተም የመታሁበት ወረቀትስ፣ ከጠረጴዛዬ ከተነሳ በኋላ የማን ቤት ነው የሚገባው?