አስር ደቂቃ እረፍት እንኳ የከለከለን ስቴት

ጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ነው የሚሠራው። ጁላይ ላይ አንድ ቀን ማታ ከመኪናው ሲወርድ አየሁት። ሸሚዙ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። ባቱ ተኮማትሮበት መቆም ስላቃተው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ሰጠሁት፣ ሳይተነፍስ ጨረሰው። «እረፍት የላችሁም እንዴ?» ስለው «አለቃው ደስ ሲለው» አለኝ።

ይሄ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

እኛ ባለንበት ቴክሳስ፣ የዳላስ ከተማ በ2015 የግንባታ ሠራተኛ በየ4 ሰዓቱ 10 ደቂቃ እንዲያርፍ ደንብ አውጥታ ነበር። ኦስቲን ቀድማ በ2010 አውጥታለች። በ2023 ግን የስቴቱ ምክር ቤት ከተሞች በሥራና በሌሎችም ብዙ ጉዳዮች ከስቴቱ ሕግ ያለፈ ደንብ እንዳይኖራቸው የሚያደርግ ሕግ አጸደቀ፣ ገዥው ግሬግ አቦትም ፈረመበት። ሂውስተን ሕጉን ተቃውማ ከሰሰች፣ ሳን አንቶኒዮና ኤል ፓሶም አብረዋት ቆሙ። የሕጉ ደጋፊዎች መልስ «በየከተማው የተለያየ ደንብ ነጋዴውን ያስቸግራል» የሚል ነው። እሺ፣ ያስቸግር ይሆናል። ታዲያ ለምን ስቴቱ ራሱ ለሁሉም የሚሆን አንድ የእረፍት ሕግ አያወጣም? አላወጣም።

ደግሞ የመጀመሪያቸው አይደለም። የዴንተን ከተማ ሕዝብ በ2014 ሰፈራችን ውስጥ መሬት እየሰነጠቃችሁ ጋዝ አታውጡ ብሎ በድምፁ ወሰነ። ዓመት ሳይሞላው ስቴቱ የሕዝቡን ውሳኔ የሚሽር ሕግ አወጣ። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያም ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል፤ ከተማ ልጨምር ብትል አትችልም። የቤት ኪራይ ግን የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን።

ፕሮግሬሲቭ፣ በእኛ ቋንቋ ተራማጅ፣ ነኝ ስል አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ፊታቸው ይለወጣል። «ተራማጅ» የሚለው ቃል ያ ትውልድ ያሳለፈውን ስለሚያስታውሳቸው አልፈርድባቸውም። እኔ የምለው ግን ሰው በፀሐይ ሲሠራ ውሃ ይጠጣ፣ ሲታመም ይታከም ነው። ቴክሳስ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና መድን፣ እስከዛሬ አላሰፋችም፤ ስንቱ የኛ ሰው የደም ግፊት መድኃኒቱን እያጋመሰ እንደሚውጥ ለማወቅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ እሁድ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል።

ሁሉንም ግን በስቴቱ ላይ አላሳብብም። የምኖርባት ከተማ ምክር ቤት ፊት ቀርቤ ስለ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ተናግሬ ነበር። እናቶች ከጽዳት ሥራ ሲመለሱ እዚያ ይጠብቃሉ። ጥላ የለም፣ መቀመጫ የለም፣ አንድ ብረት ላይ የተሰካ ምልክት ብቻ። ከሥራ ቀርቼ ስንት ሰዓት ተራዬን ጠብቄ 3 ደቂቃ ተሰጠኝ። «እናመሰግናለን፣ ቀጣይ» አሉኝ። ፌርማታው ዛሬም እንደዚያው ነው። ይሄን ለማስተካከል የማንም ስቴት ፈቃድ አያስፈልግም ነበር።

ከሁሉ የሚያመኝ ደግሞ የራሳችን ነገር ነው። ቡና ላይ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። ዜግነት አለን፣ ልጆቻችን እዚህ ተወልደዋል፣ ግን የከተማችን ምርጫ ሜይ ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? በከተማ ምርጫ የሚወጣው ሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ አንድ ዕድር ተነቅሎ ቢወጣ ውጤት ሊለውጥ ይችላል። ጎረቤቴ ዜጋ ስላልሆነ ድምፅ መስጠት አይችልም። እኛ እንችላለን።

ምዝገባው ከምርጫው 30 ቀን በፊት ይዘጋል። እዚህ ስቴት ደግሞ ለብዙው ሰው ፎርም ሞልቶ መላክ እንጂ በስልክ ነካ ነካ አድርጎ መጨረስ የለም። ስለዚህ ፎርሞቹን አሳትሜ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ጋ እቆማለሁ። እስክሪብቶም አለኝ። ሜይ ላይ መሄጃ ለሌለው ደግሞ መኪናዬ አራት ሰው ይይዛል፣ ጻፉልኝ።