ጳጉሜ ላይ በወር፣ ጥር ላይ በቀን

ተመላላሽ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት አጸዳለሁ። አንዱ ቤት ሦስት ቀን፣ ሌላው ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ ደግሞ ከጠራኝ ጋ። ደላላ ከተውኩ ቆይቻለሁ። የእኛ ሥራ የሚገኘው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በሚሄድ ወሬ ነው። «ልጅቷ እጇ አመል የለበትም» ከተባለልሽ በቃ፣ ስልክሽ ይጮኻል።

ይህ የማወራው የሦስት ቀኑ ቤት ጉዳይ ነው። አባወራው የአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው። የትኛው እንደሆነ ይለፈኝ፤ ከተማችን ፋብሪካ አላነሳትም። ሥራቸው መቅጠር፣ ማስጠንቀቂያ መጻፍና የዓመት ፈቃድ መቁጠር ነው። ማታ ቤት ሲገቡ ሥራውም አብሯቸው ይገባል። ልጃቸው አምሽቶ ከመጣ «የመጀመሪያ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሃል» ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ልጁ ግን አልሳቀም።

ክፍያዬ በወር ነበር። ወሩ ሲሞላ እትዬ በፖስታ አድርገው ይሰጡኛል። ነሐሴ አለቀ፣ ተሰጠኝ። ከዚያ ጳጉሜ ገባች።

ጳጉሜ ለሌላው ሰው ትንሽ ወር ናት። ለእኛ ግን ሥራ የሚበዛባት ናት። እንቁጣጣሽ ደረሰ ተብሎ መጋረጃ ይወርዳል፣ የሶፋ ልብስ ይታጠባል፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም ያላየው የሸረሪት ድር ድንገት ለሁሉም ይታያል። ዝናቡ ገና አልወጣም። በረንዳውን ወልውለሽ ዞር ሳትዪ ጭቃው ተመልሶ ይገባል። መስከረም ሲያልቅ ፖስታው ተሰጠኝ፤ ያው የድሮው ነው።

«የጳጉሜዋስ?» አልኩ።

ጋሼ ናቸው የመለሱልኝ። «ደመወዝ በወር ነው። ጳጉሜ አትቆጠርም። እኔስ ማን ይከፍለኛል?»

እውነታቸውን ነው፣ የወር ደመወዝተኛ ሁሉ እንደዚያው ነው። ዝም አልኩ።

ገና መጣ። እዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ከመንዝ የመጣ የበግ ፀጉር ምንጣፍ አለ። ደረቁን ለሁለት ይነሳል። ሲረጥብ ግን ለሦስትም ከባድ ነው። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ እንዴት እንደምታድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ከበርሜል እየቀዳሁ፣ በላርጎ እየፈተግሁ፣ በእግሬ እየረገጥኩ አጠብኩት። ማታ አጥር ላይ የተውኩትን ጠዋት ሳየው ውርጭ መትቶት እንደ ጣውላ ደርቋል። ፀሐይ ስትወጣ ቀልጦ እንደገና መንጠባጠብ ጀመረ። ለበዓሉ ደርሶ ሳሎን እስኪነጠፍ ድረስ ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም።

በበዓሉ ማግስት ማታ እትዬ ደወሉ። «ነገ አትምጪ፣ በጠዋት መንገድ ነን። ከጥምቀት በኋላ እደውልልሻለሁ።»

የእትዬ ወገን ምንጃር ነው። ኢራንቡቲ ላይ ያን ሁሉ ታቦት አጅቦ ጥምቀትን ያከበረ ሰው ሌላ ቦታ አይዋጥለትም፤ ስለዚህ በመሄዳቸው አልቀየምኩም። ግን ይህ ጉዞ ያን ዕለት ማታ የታሰበ አይደለም። ልጁ ራሱ ከገና በፊት ጀምሮ «አረርቲ ስንሄድ» ሲል ነበር። ለእኔ ብቻ ነው ሳይነገር የቀረው። በዚያው ሰሞን አንድ ፔንሲዮን እንግዳ በዝቶበት ሰው ፈልጎ ነበር። «ቀኔ ተይዟል» ብዬ የመለስኳቸው ለእነዚሁ ሰዎች ቀን ነው። ስደውልላቸው ሌላ አግኝተዋል።

ሰዎቼ ከምንጃር ፊታቸው ወዝቶ፣ አንድ ኩንታል ጤፍም ጭነው ተመለሱ። ጥር ሲያልቅ ፖስታው መጣ። ስይዘው ነው ያወቅሁት፤ ስስ ነው።

«እትዬ፣ ጎድሏል።»

እትዬ ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ «ጋሼን ጠይቂ» አሉኝ።

«አዎ» አሉ ጋሼ። «ያልሠራሽባቸው ቀናት ተቀንሰዋል።»

«እኔ እኮ አልቀረሁም ጋሼ። አትምጪ ተብዬ ነው።»

«ቢሆንም ሥራ አልተሠራም።»

«ፋብሪካው ለበዓል ሲዘጋ የሠራተኛው ይቀነሳል?»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው እቴ! ፊታቸው በራ። ለካስ እቤት ውስጥ ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ጠፍቶ ኖሯል። ተነሥተው ከቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ አዋጁን አወጡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ጠርዙ የተላላጠ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ነው። መሳቢያውን በወለወልኩ ቁጥር አንስቼ አራግፌ የማስቀምጠው ወረቀት ነው። ገልጬ አይቼው አላውቅም።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። ያን ሶፋ ስንቴ ጠርጌዋለሁ፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም ነበር።

ሕግ ሲያስረዱ ያምርባቸዋል። እውነቴን ነው፣ አስተማሪ ቢሆኑ ያዋጣቸው ነበር። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት ካልበለጠ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል አሉኝ። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆነ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ካለፈ ሦስት ወር። የዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። የሕዝብ በዓል ሲሆን በወር የሚከፈለው ሰው ደመወዝ አይነካም። በበዓል ቀን ከሠራ ደግሞ ቢያንስ እጥፍ ነው።

እኔ በሆዴ እቆጥራለሁ። እዚያ ቤት ዓመት ከመንፈቅ አልፎኛል። ስለዚህ ሁለት ወር! በአንድ ማታ ስልክ ፈንታ ሁለት ወር። ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ የገናው፣ ከዚያ የጥምቀቱ። ለአፍታ ሀብታም ሆኜ ነበር።

«ታዲያ የእኔ ጋሼ...?»

ገጹን ወደ ፊተኛው መለሱት። አንቀጽ 3 ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄ አዋጅ አንቺን አይመለከትም።»

«እንዴት?»

«ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ለእሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው ደንብ ያወጣል ይላል።»

«መቼ?»

አጎንብሰው አዩት። «መቼ አይልም።»

ትንሽ አሰቡና ደግሞ ጨመሩልኝ። «ለነገሩ አንቺ ተቀጣሪም አይደለሽም። ሦስት ቀን እኛ ጋ፣ ሁለት ቀን እዚያ፣ ቅዳሜ የፈለግሽበት። በራስሽ ኃላፊነት በዋጋ የምትሠሪ ነሽ። ይሄም በዚሁ አንቀጽ ውጭ ነው።»

አንዴ ቢያስወጡኝ አይበቃም? ከአንድ አንቀጽ ሁለቴ ተባረርኩ።

«እንዲያውም ደስ ይበልሽ» አሉኝ። «የራስሽ አለቃ ነሽ። እኔ እንኳ አለቃ አለብኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ እኔን የሚመለከተኝ ሕግ የቱ ነው?»

«ውል ነዋ! በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ሰዎች ከተዋዋሉ ውሉ ለእነሱ ሕጋቸው ነው። ቀድመሽ ያልተዋዋልሽውን ኋላ መጠየቅ አይቻልም።»

ይህቺን ያዝኳት። የማትጠቅም ናት አልልም። ብድግ ልል ስል ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ። ጳጉሜ ላይ ደመወዝ በወር ነው፣ ቀን አይቆጠርም አሉኝ። ጥር ላይ ቀን ተቆጠረ። ውላችን የቱ ነው?»

የእትዬ ጣት ምስሩ ላይ ቆመ። ጋሼ አዋጁን ዘጉት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። አዋጁን ደግሞ ገለጥ አደረጉና ሳያነቡት ዘጉት።

«ጳጉሜ ሌላ ነው» አሉ።

በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። ያን ሁሉ አንቀጽና ቀይ መስመር አሳይተውኝ ሲያበቁ ጳጉሜ ሌላ ነው። ብሩ ምን ያህል ነው ብትሉኝ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ግን ይህቺ መልስ ናት። እስካሁን ዕቃ እያጠብኩ ትዝ ስትለኝ ብቻዬን መልስ እሰጣለሁ። ያን ቀን አንዱም አልመጣልኝም ነበር።

የሁለት ቀኗ ቤት እማማ ጠላ ሻጭ ናቸው። አዋጅም ውልም አያውቁም። ልጃቸው ታሞባቸው ቤቱን ዘግተው አዲስ አበባ የሰነበቱ ጊዜ ተመልሰው ሙሉውን ሰጡኝ። «አልሠራሁም እኮ» ስላቸው «ቤቴን የዘጋሁት እኔ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አሉኝ። ይህን ለጋሼ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። የትኛው አንቀጽ ነው ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቤት ስይዝ ቀድሜ እዋዋላለሁ። ቤት የምትዘጉ ከሆነ ከሳምንት በፊት ንገሩኝ፤ ካልነገራችሁኝ የዚያን ሳምንት ግማሽ ትከፍሉኛላችሁ፤ ጳጉሜም ትቆጠራለች እላለሁ። አንዲት ሴትዮ «እኔ ወለል የሚወለውል እንጂ ጠበቃ አልፈለግሁም» ብለው ከበር መለሱኝ። ሌሎቹ እሺ ይሉና በዓል ሲደርስ ይረሱታል። እንዲህ ያለ ነገር አንስቼባቸው የማላውቅ እማማ ብቻ ናቸው እስካሁን አንዲት ብር ያልቀነሱብኝ። እንግዲህ ጥቅሙን ራሳችሁ መዝኑት።

ፋሲካ ሲቃረብ ግን ጋሼን ባስተማሩኝ መጣሁባቸው። ምንጣፉ ሊታጠብ ነው። ምሳቸውን በልተው ሲጨርሱ ጠበቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ለበዓሉ ሳምንት ዋጋ ጨምሬያለሁ።»

«የምን ዋጋ?»

«የማጽዳት። ዶሮውም ሽንኩርቱም ለበዓል ጨምሯል። የራስሽ አለቃ ነሽ ብለውኛል እኮ። ቀድሜ ነው የነገርኩዎት፣ ለመዋዋል።»

ጉርሻ ያነቃቸው ይመስል ዋጡና «ኧረ በሥላሴ!» አሉ። «አንቺ እኮ የቤት ሰው ነሽ! እኛ መቼ እንደ ሠራተኛ አይተንሽ እናውቃለን? በቤተሰብ ላይ ዋጋ ይጨመራል?»

ለጳጉሜዋ የጠፋብኝ አፍ የዚያን ቀን መጣልኝ።

«ቤተሰብ ከሆንኩማ ለጥምቀት ምንጃር ለምን ጥላችሁኝ ሄዳችሁ?»

ከጓዳ የእትዬ ሳቅ ተሰማ። አፋቸውን ለመያዝ የሞከሩ ይመስለኛል፣ አልቻሉም። ልጁም ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ጥቂት ቆዩና «ታይቶ ይነገርሻል» አሉኝ። ለፋብሪካው ሰውም እንዲሁ ሳይሉ አይቀሩም።

አልተነገረኝም። በማግስቱ ግን እትዬ ጓዳ ጠሩኝና በሩን ገፋ አደረጉት። የጠየቅሁትን ጭማሪ ከመቀነታቸው ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ጥር ላይ የተቀነሰብሽንም ቀስ እያልኩ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። «እሳቸው ግን በድሮው ዋጋ እንደምትሠሪ ነው የሚያውቁት። እንዳታወጪው።»

«ከየት አምጥተው ነው እትዬ?»

«ከአስቤዛው ነዋ። ሽንኩርት ጨመረ እላቸዋለሁ።»

የጥር ወሩን ከፍለው ጨርሰዋል። አሁን በየበዓሉ ጭማሪዬን አገኛለሁ፤ ከምንጃር ጉዞ በፊትም በሹክሹክታ ይነገረኛል። ባለፈው ሳሎኑን ስወለውል ጋሼ ከእንግዳ ጋር ተቀምጠው ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ የሽንኩርቱ ግን ምን ጉድ ነው፣ በዓል በመጣ ቁጥር እኛ ቤት የሚገባው ብቻ ለምን እንደዚህ ይወደዳል ይላሉ። ደላላውን ረገሙ፣ ነጋዴውን ረገሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ገበያ ትወጪ የለ፣ እንዲህ ነው ዋጋው?»

መወልወያውን ጨመቅ አደረግሁና «አይነሳ ጋሼ» አልኳቸው። «ለጥምቀትማ ይብሳል አሉ።»