«ሠርጉ መቼ ነው?»

አክስቴን ይዤ ከጎንደር አዲስ አበባ የገባሁት ለዓይናቸው ሕክምና ነው። ሐኪሙ ለማግስቱ ቀጠረን። «እንግዲያው ፖስታ ቤት ውሰደኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ቸርችል ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ብዙ ቆሙ። ባለቤታቸው ደርግን በመሣሪያ የተዋጋው የኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት) ሰው ነበሩ። ኢዲዩ በ1969 ዓ.ም. ሑመራንና መተማን ይዞ ነበር። ሲሸነፍ ባለቤታቸው በሱዳን አድርገው ለንደን ገቡ። አክስቴ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ትዳራቸው በደብዳቤ ሆነ።

ደብዳቤው በባል ስም አይመጣም። በአንዲት «የትምህርት ቤት ጓደኛ» ስም፣ በጎረቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ስለ ዘውድ አንድ ቃል የለበትም። ወሬው ሁሉ የሠርግ ነው። ሠርጉ የዘውዱ መመለስ ነው፤ ሙሽራው አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ናቸው። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ሲያወርድ እሳቸውን ንጉሥ ብሎ ሰይሞ ነበር። ለሕክምና እንደወጡ ውጭ ቀሩ። መጋቢት ላይ ደርግ ዘውዱን ራሱን ሻረው። «ሚዜዎቹ ተጣሉ» ማለት ስደተኞቹ አልተስማሙም ነው።

«የሙሽራው እኅት ተሻላት?» የሚለው ደግሞ ዓለም በቃኝ ስለታሰሩት ልዕልት ተናኘወርቅ ነው። አክስቴ ሁልጊዜ «ገና አልጋ ላይ ናት» ብለው ይመልሳሉ። ልዕልቷ ከ14 ዓመት እስር በኋላ፣ በ1980፣ ተፈቱ። አክስቴ «ድናለች» ብለው የጻፉት እዚሁ ፖስታ ቤት ውስጥ ቆመው ነው። እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ ፖስታውን ያሸገላቸው ሌላ ሰው ነበር።

እኔ ንጉሥ ይመለስ ከሚሉት አይደለሁም። ግን ባልና ሚስት ናፍቆታቸውን እንኳ በሰው ሠርግ ስም ሲጻጻፉ መኖራቸው አንጀቴን በላው።

በ1981 አልጋ ወራሹ ለንደን ላይ አፄ አምኃ ሥላሴ ተብለው ታወጁ። «ሠርጉ ደርሷል፣ ቀሚስ አሰፊ» የሚል ደብዳቤ መጣ። አክስቴ ነጭ ቀሚስ አሰፉ። ባለቤታቸው ግን እዚያው ለንደን አረፉ።

ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ፣ ሥላሴ ካቴድራል ሄድን። አምኃ ሥላሴም እዚያ ነው ያረፉት፤ በ1989 አሜሪካ ሞተው አስከሬናቸው መጣ። አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ተሳለሙ።

«ቀሚሱስ?» አልኳቸው።

«ጥቅምት 26፣ በ93፣ ጃንሆይ እዚህ ሲቀበሩ ጥቁር አስነክሬ ለበስኩት» አሉኝ።