የክፍላችንን የነፋስ መለኪያ በባጃጅ እንዴት እንዳመሳከርነው

ድሬዳዋ ውስጥ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከፕላስቲክ ኳስና ከሽቦ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ መሥራት ብዙ መምህራን የሚያውቁት ነገር ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፣ ልጆቹም ይወዱታል። እኔ መናገር የምፈልገው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። መለኪያው ሲሽከረከር ታይቶ፣ ተጨብጭቦለት ወደ መደርደሪያ ከተመለሰ ትምህርቱ ገና አልተጀመረም ብዬ አምናለሁ። ተማሪ ደብተሩ ላይ የጻፈውን ቁጥር ለምን እንደሚያምነው ማስረዳት መቻል አለበት።

አሠራሩን ባጭሩ ልናገር። ሁለት የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶችን እኩል ለሁለት ቆርጠን አራት ኩባያ አወጣን፤ በመስቀል ቅርጽ በታሰሩ ሽቦዎች ጫፍ ላይ፣ አፋቸውን በአንድ የዙር አቅጣጫ አድርገን አጣበቅናቸው። መስቀሉ የተያያዘበት የእስክሪብቶ ቀፎ እንጨት ላይ በተመታ ምስማር ዙሪያ ይሽከረከራል። ከምስማሩ እስከ ኩባያው መሐል ያለው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ዙሩን ለመቁጠር እንዲመች አንዱን ኩባያ ቀይ ቀለም ቀባነው። ነፋስ ጎድጓዳውን ፊት የሚገፋበት ኃይል ድቡልቡሉን ጀርባ ከሚገፋበት ከሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ መስቀሉ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ በ30 ሴኮንድ 66 ዙር ቆጠሩ። አንዱ ዙር 94 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሲያሰሉት በሰዓት ወደ 7.5 ኪሎ ሜትር ወጣ። ቀደም ብዬ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውን፣ ዛሬም በተሻሻለ መልኩ የሚሠራበትን የነፋስ ደረጃ አስተምሬያቸው ነበር። በዚያ ሠንጠረዥ አቧራና ወረቀት የሚያነሣ ነፋስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ነው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተነሥታ «መምህር፣ ሰባት ኪሎ ሜት​ር እኮ አቧራ አያነሣም፤ ውጭ ግን ዓይን የሚገለጥበት አይደለም» አለች። የጠበቅሁት ይህንን ጥያቄ ነበር። ከአንድ ተማሪ አፍ እስኪወጣ ድረስ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ መምህሩ ቀድሞ ከተናገረው ማስታወሻ ከመሆን አያልፍም።

መልሱ ኩባያዎቹ ከነፋሱ ቀርፈፍ ብለው መሄዳቸው ነው። በስንት እጅ? ይህን መለኪያ በ1846 እ.ኤ.አ. የሠራው አየርላንዳዊው ቶማስ ሮምኒ ሮቢንሰን የኩባያዎቹ ፍጥነት መጠናቸው ምንም ይሁን ምን የነፋሱ አንድ ሦስተኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። በኋላ እንደታወቀው ግን ቁጥሩ በኩባያው ስፋትና በክንዱ ርዝመት ይለያያል። ስለዚህ የእኛን መለኪያ ቁጥር ማንም ሊነግረን አይችልም።

ፍጥነቱን የምናውቀው ነፋስ ከየት እናምጣ? ድሬዳዋ ውስጥ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ከተማው በባጃጅ የተሞላ ነው። አየሩ ጸጥ ሲል የሚሄድ ባጃጅን ከፊት የሚመታው ነፋስ ፍጥነቱ የባጃጁ የራሱ ፍጥነት ነው። የአንድ ተማሪ አባት ነጂ ናቸው፤ በደስታ ተባበሩን። ነፋስ ሳይነሣ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጭር ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ፈልገን ወጣን። መለኪያውን ረጅም እንጨት ላይ አድርገን ከባጃጁ ጣሪያ ወደ ላይና ወደ ፊት አስወጥተን አሰርነው፤ ተሽከርካሪው ራሱ የሚያውከው አየር ውጤቱን ያበላሻል። አባትየው ፍጥነቱን 10፣ ቀጥሎ 20፣ ቀጥሎም 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያዙልን። ውስጥ የተቀመጠው ልጅ በስልክ ቪዲዮ ቀረጸ፤ በ30 ኪሎ ሜትር ዙሩን በዓይን መቁጠር አይቻልም። እያንዳንዱን ፍጥነት ሄደንም ተመልሰንም ለካን፣ አማካዩንም ወሰድን። ትንሽ ነፋስ ቢኖር እንኳ በመሄድ የጨመረው በመመለስ ይቀንሳል።

ነጥቦቹ በግራፍ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠሩ፤ መስመሩ ግን ከዜሮ አልተነሣም። ከ3 ኪሎ ሜትር በታች ሰበቃው ስለሚያሸንፈው መለኪያው ጨርሶ አይዞርም። ከዚያ የፊቱ 66 ዙር በግራፉ ላይ ሲነበብ 21 ኪሎ ሜትር ሆነ። የቦፎርት አቧራ እና የእኛ ግራፍ ተስማሙ። ልጆቹ ያን ቁጥር ሲያዩ የነበራቸውን ፊት በሌላ ትምህርት አላየሁም።

ማመሳከር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። የድሬዳዋ አቧራ ቀፎው ውስጥ ይገባና መለኪያው በየሳምንቱ ይከብዳል። ዘይት መቀባት አቧራውን ይሰበስባል፤ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ይሻላል። ቦታም ከመሣሪያው ባልተናነሰ ይወስናል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ነፋስ የሚለካው ገላጣ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ከፍታ ነው፣ የሚመዘገበውም የ10 ደቂቃ አማካይ ነው። እኛ ያንን ያህል ስለማንችል ከቁጥሩ ጎን የተለካበትን ከፍታና ቦታ እንጽፋለን። በግድግዳ ሥር እና በሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ በአንድ ጊዜ የተወሰዱ ልኬቶችን ያነጻጸረ ተማሪ ይህ ዓምድ ለምን እንዳስፈለገ አይጠይቅም።

«ትንሽ ስሕተት ምን ያደርጋል?» ለሚሉኝ የአይሻን የነፋስ ኃይል ማመንጫ አነሣለሁ። የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ (ፍጥነት × ፍጥነት × ፍጥነት) ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን 10 በመቶ አብዝቶ የለካ ሰው ጉልበቱን 33 በመቶ አብዝቶ ይገምታል።

አሁን የዝናብ መለኪያ ጀምረናል። እዚህ ከተማ የዝናብ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ጎርፉን ያመጣው በላይ ባሉት ተራሮች የጣለው ዝናብ ነበር። ስለዚህ በግቢያችን ብቻ መለካት አይበቃም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ ልጆቹ ይህን ይዘው ቀጥ ያለ ጎን ያላቸውን ጠርሙሶች በተለካ ውኃ እየፈተኑ ምልክት እያደረጉባቸው ነው። አንዱን ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ተራራው ላይ ባለው ደንገጎ አካባቢ ለሚያስተምር ባልደረባዬ እልካለሁ፤ ሁለታችንም በየዕለቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብበን እንለዋወጣለን።