የሦስት ሳምንት ትልቅነት

መጀመሪያ ስድስት ጫጩቶች ነበሩኝ። ሦስት ሳምንት ሊሞላቸው ሲል አራት ጨመርኩ። ስድስቱን "ትልቆቹ" ስል አይሳቅብኝ። ክንፋቸው ላይ ላባ አውጥተዋል፣ አንገታቸው ገና ጸጉራም ነው፣ ባጠቃላይ ነገረ ሥራቸው የጎረምሳ ነው። አዲሶቹ የሁለት ቀን ናቸው። መዳፌ ላይ ሲቀመጡ ክብደታቸው እንኳ አይታወቀኝም።

ሁሉም ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ አልኩና አራቱን አንስቼ ከስድስቱ መሃል አስቀመጥኳቸው።

ጸጥ አለ። ስድስቱ አንገታቸውን አስግገው ቆሙ። ከዚያ አንዷ ቀረብ ብላ የአንዷን ትንሽ ጣት ነቆረች። ትል መስሏት ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛው ግን ጭንቅላቷ ላይ አረፈ። ሦስተኛውም። ትንሿ ስትጮህ ሌሎቹ ተሰበሰቡ። ሊገላግሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተራ ሊይዙ ነው።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አራቱንም አወጣኋቸው። የትንሿ ጣት ላይ የነጥብ ያህል ደም ነበር። ነጥብ ናት ተብሎ አይናቅም። ዶሮ ደም ካየ አይተውም፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየመጣ ይቀጥላል፣ በዚያው ሊጨርሱትም ይችላሉ። ጣቷን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ እስኪደርቅ ለብቻዋ አቆየኋት።

ማታ ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት።

"እናታቸው የታለች?"

"እናት የላቸውም እማዬ፣ በማሽን ነው የተፈለፈሉት።"

"ታዲያ ማን ያስጥላቸው? አንቺ ነሻ!"

እውነቷን ነው። ያቀፈቻቸው ዶሮ አብራቸው ብትኖር ማን ደፍሮ ይጠጋቸዋል? እኔ ክንፍ ስለሌለኝ በሽቦ ጀመርኩ። ማሳደጊያ ሳጥኑን ቀዳዳው ጠበብ ባለ ወንፊት ሽቦ ለሁለት ከፈልኩት። መተያየት አለ፣ መነካካት የለም። መመገቢያዎቹን ከሽቦው ግራና ቀኝ አስጠጋኋቸው፤ ሲበሉ ፊት ለፊት ይሆናሉ። ሽቦው ትንንሾቹን ለመጠበቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ሥራው ግን ትልቆቹ ላይ ነው። ሲያዩዋቸው እየዋሉ አዲስነታቸው ያልቃል።

ያላሰብኩት ሙቀቱን ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። የኔዎቹ ትልቆች 29 አካባቢ ይበቃቸዋል። አንድ አምፖል፣ ሁለት ፍላጎት! አምፖሉን በትንንሾቹ በኩል ጥግ ላይ ሰቀልኩት፤ ትልቆቹ ከሩቅ ይበቃቸዋል። ቴርሞሜትር አለኝ፣ ግን ራሳቸው ይናገራሉ። አምፖሉ ስር ከተደራረቡ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ከፈት አድርገው ካለከለኩ ደግሞ በዝቶባቸዋል። ለትንንሾቹ ውሃ መጠጫው ውስጥ ጠጠር ጨመርኩ፤ ጫጩት በሁለት ጣት ጥልቀት ውሃም ይሰምጣል።

የበሽታው ነገር ያሳስበኝ ነበር። ትልቆቹ ደህና መስለው ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት ተውሳክ በኩሳቸው ሊያወጡ ይችላሉ። ትንንሾቹ ሲጭሩ ይውጡታል። እርጥብና ሞቃት ሰጋቱራ ደግሞ ይመቸዋል። አዲስ የመጣን ጫጩት መጀመሪያ ሌላ ክፍል ማቆየት ነበር የሚሻለው። ሁለተኛ አምፖል አልነበረኝም፣ አላደረግኩትም። ያደረግኩት የረጠበውን ሰጋቱራ በየቀኑ ማንሳት ነው። ሁልጊዜም ትንንሾቹን አስቀድሜ፣ ትልቆቹን ለጥቄ፣ በመሃል እጄን ታጥቤ ነው የማየው። ተኮራምቶ ላባውን ያንጨፈረረ ወይም ደም የቀላቀለ ኩስ የጣለ ካየሁ ዛሬ ነገ ሳልል የእንስሳት ሐኪም ጋ ልሮጥ ተዘጋጅቼ ነበር። ደግነቱ አልደረሰም። መኖ አላስቸገረኝም፣ ሁለቱም የጫጩት መኖ ነው የሚበሉት። ከእንቁላል ጣይ ጋር ቢሆን ኖሮ ሌላ ጣጣ ነው፤ የእሷ መኖ ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ የጫጩት ኩላሊት ይጎዳል።

አሁን ወደ ገብስማዋ ልምጣ።

ያቺ የመጀመሪያዋ ነቋሪ ገብስማዋ ናት። የስድስቱ አለቃ ትመስለኝ ነበር። ሽቦው አጠገብ በርጩማ ይዤ ስከታተል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ከመመገቢያው አምስቱም የሚያባርሯት እሷን ነው። መጨረሻ የምትበላው እሷ ናት። ሽቦው ስር ስትመላለስ የምትውለውም እሷ ብቻ። በሕይወቷ መጀመሪያ ጊዜ ከእሷ በታች የሆነ ሰው አግኝታለች። (ሰው አልኩ እንዴ? ይሁን።) አዘንኩላትም፣ ተናደድኩባትም።

ሁለት ሳምንት ተኩል ጠበቅኩ። አንድ ካርቶን ገልብጬ ትንሽ በር ቀደድኩለት። በሩን የለካሁት በገብስማዋ ነው፤ ጭንቅላቷ ይገባል፣ ደረቷ አይገባም። መመገቢያም መጠጫም ሁለት ሁለት አድርጌ አራራቅኳቸው፤ አንዷ ሁለቱንም መጠበቅ አትችልም። ብዙ ሰው ማታ በጨለማ ነው የሚቀላቅለው። እኔ ግን ሲነጋ ከእኔ ቀድመው እንደሚነሱ አውቃለሁ። ሥራ የሌለኝን ቀን መርጬ ጠዋት ሽቦውን አነሳሁ።

ገብስማዋን ግን ሁለት ቀን ከሽቦ ጀርባ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። አምስቱ አንዳንድ ጊዜ ነቆር አድርገው ተዉ። ሁለት ቀን ቆይታ ስትመለስ እንግዳዋ እሷ ሆነች። አንዷን አሯሯጠች፣ ትንሿ ካርቶኑ ውስጥ ገባች፣ ገብስማዋ ጭንቅላቷን አስገብታ በሩ ላይ ቀረች። አየት፣ አየት አድርጋ ወደ መኖዋ ሄደች።

ይህ ከሆነ ወር ሊሞላው ነው። ካርቶኑን እስካሁን አላነሳሁትም። በሩ አሁን ለአራቱም ጠቧቸዋል። ትናንት ያቺ ጣቷን የተነቆረችው እንደ ልማዷ ስትገባ መሃል ላይ ተቀረቀረች። ካርቶኑን ቀድጄ ነው ያወጣኋት።